የካፕሊን ጭምብለኞች

የኒውፋውንድላንድ ደሴት ሰው በገና ሰሞን በሩ ከተንኳኳ ይከፍታል። ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። የመጣው ሰው ፊቱን በትራስ ልብስ ሸፍኖ፣ ወንዱ የሚስቱን ቀሚስ፣ ሴቷ የአባቷን ቦቲ አጥልቃ፣ ድምፁ እንዳይታወቅ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ያወራል። ማንነቱን መገመት የባለቤቱ ፈንታ ነው። የታወቀ ጭምብሉን አውልቆ ሩምና ኬክ ይቀበላል፤ ያልታወቀም ያንኑ ሩምና ኬክ በኩራት ይቀበላል። ያም ሆነ ይህ ሳይጠጣ የሚወጣ የለም።

ይህ ልማድ ጭጋግ በዋጠው የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ጣጣው የመጣው ልማዱን ጠቅልለው ሳተርን ድረስ ይዘውት የሄዱ ሦስት ሰዎች ጋ ነው።

ካፕሊን ከሳተርን ቀለበት በረዶ እየለቀመች ቲታን ወደተባለችው የሳተርን ጨረቃ ወደብ የምታደርስ አሮጌ የጠፈር መርከብ ናት። ካፕቴኗ ዳልሲ ኪኦ ትባላለች፤ ምላሷ ምላጭ፣ እጇ ግን ለሰው የሚራራ ሴት። ወጥ ቤቱ አጎቴ ሊያንደር ፒትማን ናቸው። እዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ አጎቴ ነው። እሳቸው ዓሣ ከማብሰል ይልቅ ስለ ዓሣ መዋሸት ይዋጣላቸዋል። ሦስተኛው መካኒኩ አምብሮስ ስኑክ ነው፤ ሞተር ሲያቃስት ገና ከሩቅ የሚሰማ፣ የራሱን ልብ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ሰው።

አምብሮስ ዳልሲን ይወዳታል። ይህን አጎቴ ሊያንደር ያውቃሉ፣ የቲታን ወደብ ጫኝና አውራጆች ያውቃሉ፣ በየጊዜው ነዳጅ የሚሞሉላቸው ሰዎች እንኳ ያውቃሉ። ለዳልሲ ብቻ የነገራት የለም። እሱ እንደሆነ የሆዱን በሆዱ ይዞ ዓመት ዓመትን ሲወልድ ያያል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ሙሽራም አይገባበትም።

አሁን ደግሞ ጊዜው ሊያልቅበት ነው። ከቲታን አንድ ትልቅ ኩባንያ ዳልሲን ለአዲስ መርከብ ካፕቴንነት ጠርቷታል። መርከቧ ግዙፍ ናት፤ መታጠቢያ ቤቷ ብቻ የካፕሊንን ወጥ ቤት ያክላል ይባላል። መልስ የሚጠበቀው ገና እንዳለፈ ነው። ዳልሲ ስለ ጉዳዩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ዓሣ እየበላች፣ «ምን ይመስላችኋል?» ብላ ጠይቃ ነበር። አጎቴ ሊያንደር አምብሮስን አዩት፤ አምብሮስ ሳህኑን አየ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በዚያው ሳምንት መኝታዋ እንደቀዘቀዛት ተናገረች። ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚውን ተጠቅሞ አንድ ጥሩ ቃል ይወረውር ነበር፤ አምብሮስ ቧንቧ ቀጠለ። ከበረዶ ማጣሪያው የሚወጣውን ሙቀት በሦስቱም አልጋ ሥር አሳልፎ፣ የእሷን ከሁሉ አስበልጦ አሞቀው። ማጣሪያው ሥራው አንድ ነው፤ የገባለትን ይለያል፣ ንጹሑን በቀኝ፣ ቆሻሻውን በግራ ያወጣል። ሰው እላዩ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ ሞኝ ከዚያ በፊት አልተፈጠረምና።

ገና ማግስት ላይ ሦስቱም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ቀኑ ግራ የሚያጋባ ቀን ነበር። ከነቁ ጀምሮ አንዳቸውም አልተሰዳደቡም፣ አንዳቸውም አልተቃለዱም። አጎቴ ሊያንደር ስለ አንድ ትልቅ ዓሣ ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። ዳልሲ ሻዩ ውሃ ውሃ ይላል አለች፤ ተቆጥታ ግን አልነበረም። አምብሮስ ወደ እሷ ሲያይ ያ የለመደው ናፍቆት የለም። ዳንኩ ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ደስታም አልተሰማውም።

በዚህ መሐል የጭነት ክፍሉ በር ተንኳኳ። የተንኳኳው ከውስጥ ነው። ጭነት ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከበረዶ በቀር ማንም የለም።

ሌላ መርከብ ላይ ቢሆን ማንቂያ ይደወላል፣ መሣሪያ ይፈለጋል። እነዚህ ግን የገና ልጆች ናቸው። ዳልሲ ማንቆርቆሪያውን እንደገና ጣደች፣ አጎቴ ሊያንደር አኮርዲዮናቸውን አወረዱ፣ አምብሮስ ሄዶ ከፈተ። በቅርብ ርቀት የኖዝዎርዚ ቤተሰብ መርከብ ስለነበረች እነሱ ናቸው ብለው ደምድመዋል። በየት ገቡ ያለ የለም፤ ጭምብለኛ በየት ገባህ ተብሎ አይጠየቅም።

የትራስ ልብስ ያጠለቁ ስድስት ሰዎች ገቡ። ሦስቱ እግራቸውን ጠርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ መንገድ ለሌላው እየለቀቁ። ሦስቱ ደግሞ እየተገፋፉ፤ አንዱ ገና ከመግባቱ ኬኩን ከነሳህኑ አነሳው።

ግምቱ ተጀመረ። አጎቴ ሊያንደር አንዱን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ጋስ ኖዝዎርዚ ነህ፣ የብርጭቆ አያያዝህ ይናገራል አሉት፤ ሰውየው አይደለሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዳልሲ የአንዷን እጅ ያዝ አድርጋ ይህን እጅ አውቀዋለሁ አለች፤ የማን እንደሆነ ግን ጠፋት። የአምብሮስ ዓይን ደግሞ አንደኛው እንግዳ ካልሲ ላይ ተተክሎ ቀረ። ተረከዙ በቀይ ክር ተጥፏል። አጣጣፉ ጠማማ ነው። አምብሮስ ቀስ ብሎ የራሱን ሱሪ ከፍ አደረገ፤ ያው ጠማማ መጣፊያ የራሱ እግር ላይ አለ።

እንግዶቹ አሸንፈናል ብለው ጭምብላቸውን አወለቁ። ሁለት ዳልሲ፣ ሁለት ሊያንደር፣ ሁለት አምብሮስ።

አጎቴ ሊያንደር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ዘመድ ነው፤ ቁጭ በሉ» አሉ።

አምብሮስ ወደ አልጋዎቹ ሮጦ፣ ቧንቧውን አይቶ፣ ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ። ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነበር። ሲተኙ ማሽኑ ሰርቷል፤ ደግነታቸውን በቀኝ፣ ክፋታቸውን በግራ አጣርቶ፣ እያንዳንዱን ሰው አድርጎ ጭነት ክፍል አውጥቷል። አልጋው ላይ የቀረው ማጣሪያው ምን እንደሚያደርገው ያላወቀው ትራፊ ነው። ለዚህ ነበር ሻዩ አልጣፍጥ ያላቸው። ስድስቱ ደግሞ በረዶ መሐል ሲነቁ፣ ጊዜው የገና ሰሞን መሆኑን ሲያውቁ፣ የኒውፋውንድላንድ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ከካልሲያቸው ጋር አብሯቸው የወጣውን የትራስ ልብስ አጥልቀው በር አንኳኩ። ደጎቹ ልማድ ስለሆነ፣ ክፉዎቹ በነፃ ለመጠጣት።

መጀመሪያ ደስ የሚል ነበር። ደጉ ሊያንደር ያበሰሉት ጨዋማ ዓሣ አፍ ውስጥ የሚቀልጥ ሆነ። ደጉ አምብሮስ መርከቧን ከገዟት ጀምሮ የምታንጠባጥበዋን ቧንቧ ጠገነ፣ ከዚያም ሳህን አጠበ፣ ከዚያም የታጠበውን ደግሞ አጠበ። ደጓ ዳልሲ የሁሉንም ጤንነት ጠየቀች፤ ሞተሩንም አመሰገነች።

ግን ደግነት ብቻውን ሲሆን ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ አብሮት የዋለ ነው። ደጓ ዳልሲ ሁሉም ሳይስማማ መሪውን አልነካም በማለቷ መርከቧ አንድ የቀለበት ድንጋይ ለጥቂት ሳተች። አጎቴ ሊያንደር ስለ ዓሣው ሲጀምሩ ደጉ ሊያንደር በትሕትና አቋርጠው፣ ዓሣው የክንድ ያህል ሳይሆን የጣት ያህል እንደነበር፣ ያውም የያዘው ሌላ ሰው መሆኑን አስረዱ። አጎቴ ሊያንደር በሕይወታቸው እንደዚያ ተዋርደው አያውቁም።

ክፉዎቹማ አይወራ። ክፉዋ ዳልሲ የካፕቴኑ ወንበር ላይ ተንሰራፍታ፣ እግሯን መሪው ላይ ሰቅላ፣ በሬዲዮ ካፕሊንን ለሚያልፍ ሁሉ ትሸጣለች። ክፉውን ሊያንደር አንቱ የሚል አንደበት ስላልተገኘ እሱ ይባል፤ ኬኩን ጨርሶ፣ ስኳሩን ጨርሶ፣ አሁን ደግሞ የአኮርዲዮኑን ቁልፍ እየነቀለ የአጥንት ነው የፕላስቲክ እያለ በጥርሱ ይሞክራል። ክፉው አምብሮስ ጥግ ይዞ ማንም ምንም ሳይለው ሁሉን ይሳደባል፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ዓይነት ነው። አምብሮስን የደነቀው ግን ሌላ ነገር ነው። የእሱ ሁለቱ፣ ደጉም ክፉውም፣ የፈለገውን ሲሠሩ ቢውሉ ዓይናቸው ከዳልሲ አይነቀልም። እሱ ብቻ ነው እንደ ግድግዳ የሚያያት። ያን ጊዜ የጎደለው ምን እንደሆነ ገባው፤ ገብቶትም ፈራ። እንዲህ ሆኖ ከቀረ ነገ ተነስታ ብትሄድ እንኳ አይከፋውም ማለት ነው።

ምግቡም አየሩም ዘጠኝ ሰው እንደማያኖር ዳልሲ ተናገረች፤ ማጣሪያው ወደ ኋላ እንዲሽከረከርና ሁሉም ወደ ቦታው እንዲመለስ ወሰነች። አምብሮስ የማሽኑን አሠራር ገለበጠ፣ አልጋ ላይ የቀሩት ሦስቱ አጠገቡ ቆሙ። የቀረው ስድስቱን ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ዳልሲ ክፉ ራሷን ማወቋ በጀ፤ ማጣሪያው አፍ ላይ ቆማ፣ እዚህ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፣ በጥብቅ የተከለከለ ነው ብላ ጮኸች። ክፉዋ ዳልሲና ክፉው ሊያንደር ተሽቀዳድመው ገቡ። ደጎቹ ግን ከተከለከለማ ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ክልከላው መነሳቱን ለማሳመን ብዙ ደከሙባቸው። ደጓ ዳልሲ ለሁሉም እጅ ነስታ፣ ደጉ ሊያንደር ስለ ዓሣው ይቅርታ ጠይቀው ገቡ።

ሁለቱ አምብሮሶች ብቻ ቀሩ። ክፉው አንድ እግሩን አስገብቶ ዞር አለ።

«ካፕቴን፣ ይሄ ቅዱስ መሳይ መካኒክሽ ምን እንደሆነ ልንገርሽና ልሂድ። ከቲታን የጠሩሽ ዕለት የሬዲዮውን ሽቦ ሊቆርጥብሽ ነበር። መልስ እንዳትሰጪ። ጉጠቱን ይዞ ቆሞ ነበር።»

ደጉ አምብሮስ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ነው» አለ። «መልሶ አስቀምጦታል ግን። ዳልሲ፣ ሂጂ። ትልቅ መርከብ ይገባሻል። ጓዝሽን እኔ እሸከምልሻለሁ።»

ተያያዙና ገቡ። አምብሮስ መሬት ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ ነበር፤ ግን ማብሪያውን መጫን የነበረበት እሱ ነው፣ ተጫነው።

ማሽኑ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ። አጎቴ ሊያንደር ወዲያው፣ «ዓሣው የክንድ ተኩል ነበር!» ብለው ጮኹ፤ እሳቸው ድነዋል። አምብሮስ ግን ግድግዳ ደግፎ ተቀመጠ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረቱ ውስጥ ተመለሰበት፤ ስስቱ፣ ቅናቱ፣ ርኅራኄው፣ ያ የለመደው ናፍቆት፣ ከድሮው ብሶ።

ዳልሲ ፊቱ መጥታ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል፤ እሷም የራሷን ሁለት ተቀብላለችና።

«አንዱ ሂጂ አለኝ» አለች። «አንዱ ሽቦ ሊቆርጥብኝ ነበር። አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

አጎቴ ሊያንደር ማንቆርቆሪያ ሊያዩ ነው ብለው ሄዱ፤ ከበሩ ጀርባ ግን አልራቁም።

አምብሮስ እንደ ልማዱ ወለሉን ሊያይ ነበር። ግን ቅድም ያዋረዱት ሁለቱ አሁን እሱ ውስጥ ናቸው፤ ከእንግዲህ ምን የሚደበቅ ነገር አለ? ቀና ብሎ አያት።

«ሁለቱንም ነው የምለው። ትልቅ መርከብ ይገባሻል፤ ሽቦውንም ብቆርጠው ደስ ይለኝ ነበር። እወድሻለሁ፣ ዳልሲ። ድሮም እወድሽ ነበር። ብትሄጂ ጓዝሽን እሸከማለሁ፣ እያለቀስኩ። ግን አትሂጂ።»

የዳልሲ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አምብሮስ እያለቀሰች መስሎት ሊነሳ ሲል ሳቋ አመለጣት።

«ይህቺን ቃል ለመስማት ስድስት እንግዳ ማብላት ነበረብኝ? አንተ ደንቆሮ፤ መሄድ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣለት በዚያው ቀን ነው የሚመልሰው። እኔ ገና እስኪያልፍ ያልኳቸው ለምን መሰለህ? ገና ላይ ሰው ይጠጣል። ሲጠጣ ይናገራል ብዬ ነው።»

ሬዲዮውን ራሷ ከፈተችው። ለቲታን ምን እንዳለች አጎቴ ሊያንደር እስከ ዛሬ ሲያወሩ በየጊዜው ያስረዝሙታል፤ እውነቱ ግን አጭር ነበር። አመሰገነቻቸው፣ አልመጣም አለቻቸው፣ ክፉዋ ዳልሲ መርከቧን የሸጠችላቸው ካሉም ሽያጩ መፍረሱን ነገረቻቸው። ከዚያ ተመልሳ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ራሷንም ትከሻው ላይ አሳረፈች። አምብሮስ አለቀሰም ሳቀም። የትኛው አምብሮስ እንዳለቀሰ፣ የትኛው እንደሳቀ እሱም አላወቀም፤ የጠየቀውም የለም።