የሰኞና የሐሙስ ፆም

ዙቤይዳን ሕመሙ መጀመሪያ የጣላት በአማቷ በኡሚ ቅቤ ነው። አሮጊቷ ክፉ አስባ አይደለም። የልጇ ሚስት በአንድ ዓመት ውስጥ የድሮዋን ግማሽ ሆና ብታያት አንጀቷ አልችል አለ። ከጨፋ ያስመጣችውን ለጋ ቅቤ አንጥራ ገንፎው መሃል ሞልታ አፈሰሰችና "ቢስሚላህ በይና ብዪ" አለቻት። ዙቤይዳ ሦስት ጉርሻ ጎረሰች። ከሦስት ጉርሻ በላይ የማትችልበት ምክንያት አላት፤ ምክንያቱን ግን ከባሏ ከሙሀመድኑር በቀር ከሚሴ ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ሱቋ ውስጥ ቆማ ለደንበኛ ሽፎን ስትዘረጋ፣ ከቀኝ ጎድኗ ሥር አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛት። ወደ ጀርባዋ ዞረ፤ ትከሻዋ ድረስ ወጣ። ጨርቁን እንደያዘች ቁጢጥ አለች፤ ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" ቢሏት "ምች ነው" አለች። መዋሸት ከለመደች ሰንብታ ስለነበር ቃሉ አላስቸገራትም።

እዚህ ላይ እውነቱን ማወቁ ይሻላል፤ ዙቤይዳ ራሷ እስክትናገረው ድረስ ብንጠብቅ እንቆያለን።

ዙቤይዳ ወፍራም ነበረች። ሰው "ደልደል ያለች" ብሎ የሚያደንቀው ዓይነት አይደለም፤ ባጃጅ ስትሳፈር ሾፌሮቹ ከጎኗ ሌላ ሰው የማይጭኑላት ዓይነት ነው። ይሄን እንኳ ስቃ ታልፈው ነበር። መሳቅ ያቃታት በሶላቷ ነው። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ሱጁድ መውረድ ተሳናት፤ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ ስትሰግድ ገና አርባ አልሞላትም። ሰባ ያለፋት ኡሚ ከጎኗ ግንባሯን መሬት ታስነካለች። ስኳሩም ጀማምሯት ነበር። ስለዚህ ባሏን ለምና አስፈቀደችና፣ ለሰው "እህቴ ወልዳ ላርሳት ነው" ብላ አዲስ አበባ ሄደች። እህቷ እንኳን ልትወልድ አላረገዘችም። ሐኪሞቹ ሆዷ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ አበጅተው ጨጓራዋን ቆርጠው አሳነሱላት።

እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከሚሴ ከተመለሰች ወዲያ ምግብ ሲቀርብላት አልወርድ ስለሚላት "ፆመኛ ነኝ" ማለት ለመደች። አንዲት ጎረቤት "ማሻአላህ! እንዴት እንዲህ ቀለልሽ?" ስትላት ኡሚ ቀድማ "ሰኞና ሐሙስ ትፆማለቻ! አላህ ለፆመ እንዲህ ነው" ብላ መለሰችላት። ዙቤይዳ አላረመቻትም። ሌላዋ ስትጠይቃት ግን ራሷ "ፆም ነው" አለች፤ እየቆየች ምክር መስጠት ሁሉ ጀመረች። የሰፈሩ ሴቶች ለሴት ልጆቻቸው በምሳሌ ያነሷታል። እሷ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከጣቃዎቹ ጀርባ ተደብቃ እርጎ በማንኪያ ትልሳለች።

ሐኪሞቹ እንክብል ሰጥተዋት ነበር። ሰው በአንድ ጊዜ ሲከሳ ሀሞቱ ጠጠር ይሠራል፤ እንክብሉን ለወራት ሳታቋርጪ ዋጪ ብለው አስጠንቅቀዋታል። ኡሚ አንድ ቀን አልጋ ስታነጥፍ ትራስ ሥር አገኘችውና "ይሄ የምን ነው?" አለች። "የራስ ምታት" አለች ዙቤይዳ፤ በማግስቱ ሰብስባ ሽንት ቤት ጨመረችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይቺ መድኃኒት ነበራት፤ እሱን ጣለችው።

ከሱቋ ጎን ሰሀር የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች፤ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን። አብሮ አደጎች ናቸው፤ ውፍረታቸውም እኩል ነበር። ባጃጅ ላይ ተጣበው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሾፌሩ በመስታወት እያያቸው ከሳቀ፣ ሰሀር "ንዳ እንጂ! የተቀመጥነው ጎማህ ላይ ነው፣ አንተ ላይ አይደለም" ትለዋለች። የሳቅ ሰው ናት። ጓደኛዋ ስትከሳ አላኮረፈችም፤ እሷም ሰኞና ሐሙስ መፆም ጀመረች። በዚያ በከሚሴ ሙቀት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከንፈሯ እየደረቀ ለሌላው የውሃ ጀሪካን እየሸጠች ፆመች። ዓመት ሊሞላት ሲል ቀሚሷ አንዲት ጣት እንኳ አልሰፋትም።

አንድ ሐሙስ የዙቤይዳ ሱቅ ገባችና "ዙቤይ፣ አንቺን እንዲህ ያሳመረሽ ፆም እኔን ምነው ረሳኝ?" አለቻት።

ዙቤይዳ እርጎ ቀርቶ እንደሆነ ብላ አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና "ኒያሽን አጥሪ" አለቻት።

ኒያ ሰው ለአላህ ብሎ በልቡ የሚይዘው ሐሳብ ነው። ፆመኛን ኒያሽ ቆሽሿል ከማለት መስደብ ይሻላል። የሰሀር ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ። "እውነትሽን ነው" ብላ ወደ ሳፋዎቿ ተመለሰች። ዙቤይዳ አፈረች፤ ያን ቀን እርጎው አልወርድላት አለ። ብትጠራትና ብትነግራት የምታጣው ነገር ቢኖር ስሟን ነበር። ስሟን መረጠች።

ሕመሙ ተመላለሰ። ኡሚም ተመላለሰች። ቅቤ የማይፈታው የሆድ ቁርጠት አለ ብላ ስለማታምን፣ ዙቤይዳ ሆዷን በያዘች ቁጥር "ማል ታቴ፣ ኢንተላ ቲያ? ምን ሆንሽብኝ፣ ልጄ?" እያለች የቀለጠ ቅቤ በስኒ ታቀርብላታለች። አልጠጣም ብትል ለምን ልትባል ነው። ትጠጣለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ መሬት ላይ ትንከባለላለች። አሮጊቷ ራስጌዋ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ሙሀመድኑር ከብት ነጋዴ ነው። ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ ብርድ ልብስ ነክሳ አገኛትና ሳይውል ሳያድር ደሴ ይዟት ሄደ፤ እናቱም አልቀርም ብላ ተከተለች። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ "የሀሞት ጠጠር ነው፤ ከረጢቱም ቆስሏል፤ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት" አለ። "ክብደት የቀነስሽው በምንድነው?"

ዙቤይዳ ወደ በሩ አየች። ኡሚ ውጭ አግዳሚው ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። "በኦፕሬሽን" አለች በሹክሹክታ።

"መድኃኒት አልሰጡሽም?"

ዙቤይዳ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ሐኪሙ ለሐሙስ ቀጠራት፤ እስከዚያም ቅባት የሚባል እንዳትነካ አዘዛት።

ቤት ሲደርሱ ሙሀመድኑር ለብቻዋ አድርጎ "ለእማዬ ንገሪያት። ቅቤዋ ሊገልሽ ነው" አላት።

"ሞቼ ነው የምነግራት።"

"እንደያዝሽው ከሆነ ትሞቻለሽ" አለና ወጣ።

ጠጠር የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሲዞር ሴቶቹ "ጠጠር ከየት ገባባት?" ተባባሉ፤ መልሱም ሩቅ አልነበረም። ዓይን ነው። እንደዚያ አምሮባት ሳለ ያየ ሰው ዓይን።

እነሱ አገር ቀዶ ጥገና የሚሄድ ሰው አፉታ ሳይጠይቅ አይሄድም። ጎረቤቱን ሰብስቦ "ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም አፉ በሉኝ" ይላል፤ እነሱም "አፉ ብለናል" ይላሉ፤ ይቅርታው በዚያው ያልቃል። የቱን ጥፋት ብሎ የሚመረምር የለም። ዙቤይዳ ይሄን አስባ ቀለል አላት። እርጎውንም፣ ውሸቱንም፣ ሰሀርንም በአንድ ጆንያ አስራ አፉ ልታስብል ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ የሰፈሩ ዱበርቲዎች፣ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ቤቷ ተሰበሰቡ። ኡሚ መረቀች፤ "አሚን" ተባለ። ዙቤይዳ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ያዘጋጀችውን ተናገረች። ሴቶቹ "አፉ…" ማለት ሲጀምሩ በር ሥር የተቀመጠችው ሰሀር "ቆዩ" ብላ ተነሳች። በአንድ እጇ አዲስ ሰማያዊ ሳፋ፣ በሌላው ጆግ ይዛለች።

"መጀመሪያ እኔን አፉ በሉኝ" አለች። "ዙቤይዳን ያሳመማት የኔ ዓይን ነው። ወላሂ ቀንቼባታለሁ። እኔ እየፆምኩም እንደወፈርኩ ስቀር፣ እሷ ስታምር ሳይ ውስጤ ይቃጠል ነበር። ኒያሽን አጥሪ ብላኝም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያወቀችብኝ። ዓይኑ የነካ ሰው ታጥቦ ውሃው በታመመው ላይ ይፍሰስ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልታጠብላት ነው የመጣሁ።"

አጠገቧ የነበረች ሴት ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ራቅ አለች። ሰሀር ይሄን አየች፤ አይታም ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ታጠበች፤ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ወደ እግሯ ስታጎነብስ ግን ሆዷ ያዛት። አልደርስ አላት። እያለከለከች በግድ የእግር ጣቶቿን ያዘች። አንዷ ፈገግታዋን በሻሿ ደበቀች። ያንን ትንፋሽ ዙቤይዳ ታውቀዋለች፤ የራሷ ትንፋሽ ነበር።

አሁንም ዝም ማለት ትችላለች። ውሃው ይፈስባታል፤ ሁለቱም አፉ ይባላሉ፤ ነገ ደሴ ትሄዳለች። ውሃ ምን ይጎዳኛል እስከማለትም ደርሳ ነበር።

ሰሀር ሳፋውን በሁለት እጇ አንስታ መጣችና ጆሮዋ ሥር አጎንብሳ "አትጠየፊው፣ ዙቤይ" አለቻት። "እንዳይቆሽሽ ብዬ እግሬን ቤት ታጥቤ ነው የመጣሁ።"

ዙቤይዳ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

"ተይው" አለች። "ተይው ሰሀር፣ ዓይንሽ አይደለም።" በሴቶቹ ሁሉ ፊት ቀሚሷን እስከ ጎድኗ ገለበችው። አምስቱ ጠባሳዎች ታዩ። "ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው የከሳሁት። ሰኞም ሐሙስም ፆሜ አላውቅም። አንቺ ስትፆሚ እኔ ከጣቃው ጀርባ እርጎ እበላ ነበር። ጠጠር እንዳይዘኝ የሰጡኝን መድኃኒት የጣልኩትም እኔው ነኝ፤ እንዳይታወቅብኝ።"

ፊቷ ነደደ። ኡሚ ተጠግታ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ቀሚሱን ራሷ አወረደችላት።

"ቅቤውስ?" አለች።

"ቅቤው ነው የሚያሳምመኝ፣ እማዬ።"

አሮጊቷ አፏን በእጇ ያዘች። "በገዛ እጄ?" አለች። "እያለቀስኩ?"

ዙቤይዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሴቶቹ ቀስ በቀስ "አፉ ብለናል" እያሉ ወጡ፤ ዓይኗን እያየ ያላት ግን የለም። ሰሀር ብቻ ሳፋዋን እንደያዘች ቀረች። ከክርኗ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ታዲያ ኒያዬ…" አለች።

"ንፁህ ነበር። የቆሸሸው የኔ ነው። አፉ በይኝ፣ ሰሀር።"

ሰሀር ወጣች። ግቢው ውስጥ ያለው የሎሚ ዛፍ ሥር ውሃውን ደፋችና ሳፋዋን በብብቷ ይዛ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሊነሳ ሲል መጣች። ለዙቤይዳ ወፍራም ጋቢ ይዛላታለች፤ ደሴ ይበርዳል። ዙቤይዳ ጋቢውን ተቀብላ "ቁርስ በልተሻል?" አለቻት።

"ፆመኛ ነኝ" አለች ሰሀር።

ያችን ቃል ዙቤይዳ ስንት ጊዜ ተናግራታለች! አንገቷን ደፋች። "አፉታውስ?"

"ማታ ሳፈጥር። ፆም ይዤ ከልቤ ያልሆነ ነገር አልናገርም።"

ደሴ ሆስፒታል አስተኟት። ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ጠዋት ሆነ፤ ሕመሙ መንገድ ላይ ተነስቶባት ስለነበር ምግብም ውሃም ከለከሏት፣ ግሉኮስ ተከሉላት። ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን በመስኮቱ ገባ። አፏ ደርቋል። ስልኩ ሲጠራ ሙሀመድኑር ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

"አፈጠርኩ" አለች ሰሀር። ቴምር እያኘከች እንደሆነ ያስታውቃል። "ትናንት ንፁህ ነበር ያልሽኝ ውሸት ነው። ዓመቱን ሙሉ የፆምኩት ለመክሳት ነው፤ እኔም አውቀው ነበር።" ዋጥ አደረገች። "የዛሬውን ግን ላንቺ ብዬ ነው የፆምኩት። አፉ ብዬሻለሁ።"

ዙቤይዳ አሚን ልትል ፈለገች። የሰሀርን ጋቢ ፊቷ ላይ ሳበችው።