የታችኛዋ ሁለት

የኬሚስትሪ መምህሯ ወረቀቱን አየችው፤ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለችና እንደገና አየችው። ኤክሱ አሁንም እዚያው ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ምንም የማያፍር ኤክስ።

«ኧረ የት አባቱ!» ብላ ጮኸች። መምህራን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ከእርማታቸው ቀና አሉ። ተማሪዎች «እሳቷ» የሚሏት በከንቱ አይደለም።

የሳይንስ ክፍል መግቢያ ፈተና ነው፤ ጥያቄው ቀላል ነበር። ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ የሚያሳየውን እኩልታ አመጣጥኑ ይላል። በግራ በኩል ሁለት ኦክስጂን አለ፣ በቀኝ ውሃው ውስጥ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ከውሃውም ከሃይድሮጂኑም ፊት ሁለት ሁለት ጻፈች፤ አለቀ፣ ግራና ቀኙ ልክ መጣ። ታዲያ ለዚህ ነው ኤክስ የተሰጣት! በዚያች አንድ ማርክ ጉድለት ከሳይንስ ክፍል ቀረች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ «ላብራቶሪ፣ ላብራቶሪ» ስትል የኖረች ልጅ።

ወረቀቱን ያመጣችው ልጅቷ ራሷ ነበረች። አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ኃላፊው ለጥያቄው ያወጡትን መልስ አየሁት። ሁለቷን ከፊት ሳይሆን ከኦክስጂኑ ታች ነው የጨመሯት። ኤች ቱ ኦ ቱ ብለዋል። እሱ እኮ እናቴ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ፀጉር የምታነጣበት ነው። ውሃ አይደለም።»

ኃላፊው የተባሉት ፈተናውን ያወጡት የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከጀርባቸው ሁሉም «ይለፍ» ነው የሚላቸው። ጠመኔ ቢጠፋ «ይለፍ»፣ ጣሪያው ቢያፈስ «ይለፍ ባካችሁ» ነው መልሳቸው። መምህሯ ወረቀቱን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

«ከፊት የሚጻፈው ቁጥር ስንት እንደሆነ ነው የሚናገረው። ከታች ያለው ግን ምን እንደሆነ ነው። የታችኛውን ከነካነው ነገሩን ራሱን ቀየርነው እኮ!»

«ግራና ቀኙ እኩል መጥቷል፣ ተመጣጥኗል። ይለፍ ባክሽ።»

«ለሁሉም ነገር ይለፍ እያሉ አንዲት ልጅ ማሳለፍ አቃተዎት?»

ኃላፊው በሩን ዘጋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ እህቴ፣ ውጤቱ ተለጥፏል። በማጠናከሪያው ትምህርት እኔ እንዳሳየኋቸው የጻፉት አልፈዋል። አሁን ተሳስቻለሁ ብል ስንቱ ወላጅ ነው በሬ ላይ የሚሰለፈው? ለአንዲት ልጅ ብዬ ቤቱን ላተራምስ? አንቺም የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

አያችሁ? ስህተት መሆኑን ያውቃሉ! መምህሯን ያንገበገባት ይሄ ነው። ሰው ባያውቅ ይማራል፣ ምን ነውር አለው። እያወቁ የልጅ ተስፋ ላይ መቀመጥ ግን ምን የሚሉት ነው?

ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ነበር። ኃላፊው ስለ ትምህርት ጥራት ረጅም ንግግር አደረጉ። ጥራት! በየትኛው አፋቸው! ጉሮሯቸው ደርቆ ማሳል ሲጀምሩ መምህሯ ተነሣች። ከላብራቶሪ ያመጣችውን ጠርሙስ ከፍታ ብርጭቆ ሞላችና ጠርሙሱንም ብርጭቆውንም ፊታቸው አኖረች።

«ውሃ ነው፣ ይጠጡ።»

እጃቸውን ሰደዱ። ጠርሙሱ ላይ ኤች ቱ ኦ ቱ ተብሎ የተጻፈውን ሲያዩ እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡት።

«ሴትዮ፣ ይሄ እኮ አንጀት ያቃጥላል!»

«እንዴ! በእርስዎ እርማት ውሃ ነው። ቁጥሩም እኩል ነው። ይለፍ ይበሉና ይጠጡት እንጂ!»

የወረቀቱ ወሬ ቀድሞ ስለተዳረሰ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቁም። ጭቅጭቅ የማይወዱ ሰው ናቸው፣ እውነት ጭቅጭቅ ካመጣ እሱንም አይወዱም። «በቃ፣ በቃ! ሰላም ይሻለናል። ሁለቱም መልስ ልክ ነው ይባል። ያለፈም አይወድቅም፣ ልጅቷም ትገባለች» አሉ። ተጨበጨበ። ከሁሉም አብልጠው ያጨበጨቡት ኃላፊው ናቸው።

መምህሯ ልትናገር አፏን ከፈተችና ልጅቷን አስባ ተወችው። ገባች አይደል፣ ሌላው የራሱ ጉዳይ አለች በሆዷ። ጠርሙሷን አንሥታ ወጣች።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትጠብቅ ነበር።

«ገብተሻል የኔ ልጅ! እንኳን ደስ ያለሽ!»

የልጅቷ ፊት ፈካ። «የኔ ነው ልክ ተባለ?»

«ያንቺም ልክ ነው ተባለ።»

«የኔም?» ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። «የሳቸውስ?»

«የሳቸውም» አለች መምህሯ።

«እንግዲያ መች አለፍኩ ቲቸር?» አለች ልጅቷ። «ይለፍ ነው እንጂ የተባልኩት!»

መምህሯ እስከ ጆሮዋ ጋለች፤ ያሁኑ ንዴት በኃላፊው ብቻ አልነበረም፣ በራሷም ጭምር ነው። የልጅቷን እጅ ያዘችና፣ ጠርሙሱን እንዳንጠለጠለች፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች።