ጨው የገባበት ሳሙና

ሳሙናው አልጠነከረም። ዙሀራ ከሥጋ ሻጮች ስትለቃቅም የከረመችው ሞራ በሙሉ፣ ጣልያን መቀሌ አጠገብ ቁሓ ላይ ጥሎት በሄደው ግማሽ በርሜል ውስጥ ገንፎ መስሎ ተኝቷል። ጥፋቱም የከፋለ ነው።

ከፋለ በመጪው መስከረም ካይሮ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ የተመረጠ፣ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ብብቱ ሥር ሸጉጦ መቀሌን የሚዞር ወጣት ነበር። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ደህና ሳሙና ብርቅ ሲሆን፣ «ስብና አልካሊ የሚሉት ቅመም አብረው ሲፈሉ ሳሙና ይሆናሉ፤ አልካሊው ደግሞ አመድ ውስጥ አለልሽ» ያላት እሱ ነው። ከወሎ መጥታ ጨርቅ የምትቸረችረው ዙሀራም ነገሩን አምና ለሐኪም ቤቱ ሳሙና ላቀርብ ብላ ቃል ገባች። የሐኪም ቤቱ ሹም ግን የሚቆረጥ እንጂ በጭልፋ የሚቀዳ ሳሙና አልቀበልም ብሏል። እስከ ቅዳሜ ካላደረሰች ከአስመራ ነጋዴ ሊገዛ ነው፤ ሞራውም ልፋቱም ገደል ገባ ማለት ነው።

ጎረቤቷ ጀላሉ፣ የጨው ነጋዴው፣ በበሩ ብቅ አለ።

«ዙሀራ፣ ገንፎ ጀመርሽ አሉ። ቅቤ ላምጣ?»

«መጀመሪያ ምላስህን ልጠብበት!»

በርሜሉ አጠገብ የቆመው ከፋለ መጽሐፉን ገለጠ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ገለጠ። ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ተቻኩሎ ያለፈው አንድ መስመር ነበር።

«እትዬ፣ አልካሊ አንድ ዓይነት አይደለም ለካ። አመድ ውስጥ ያለው የፖታሽየም ነው፤ የሱ ሳሙና ምንጊዜም ለስላሳ ነው። የሶዲየም ቢሆን ይጠነክር ነበር።»

«ሶዲየሙ የት ይገኛል?»

«ባሕር ማዶ። ፋብሪካ ውስጥ…»

«ፋብሪካውን ተወው። ምን ውስጥ ነው ያለው?»

ከፋለ መጽሐፉን ዘጋ። ለፈተና የሸመደደው ነገር ነበር። «ጨው ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ። የአፋር ግመሎች አሞሌ በሚያራግፉበት ከተማ ተወልዶ አድጎ፣ ሶዲየምን ባሕር ማዶ ሲፈልግ ነበር።

«ሁለቱ ቢገናኙስ?»

«ጨው ከበዛ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሶዲየሙ ሳሙናው ውስጥ ይገባል፣ ፖታሽየሙ ወደ ውሃው ይወጣል። መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ሞክሬው አላውቅም።»

ስድብ ሲጠብቅ እሷ ወደ ጀላሉ ዞረች። «አሞሌ አምጣ። አመድ የነካውን እንዳታመጣብኝ፣ ንጹሑን!»

«የሰው ምግብ ሞራ ላይ ልትደፊ? አላህን ፍሪ!»

«አንተ ብቻ አምጣ።»

እሳቱ ተማገደ። ዙሀራ አሞሌውን ወቅጣ ጨመረች፤ ምንም የለም። ደገመች፤ ምንም። ጀላሉ ሳቀ። ከፋለ «ይብቃ» ሊል ነበር፤ እሷ ግን የቀረውን በሙሉ ገለበጠችው። ያኔ ገንፎው ተንቀጠቀጠና ተበጣጠሰ። ነጭ ነጩ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ ውሃ ቀረ።

«አይብ!» አለች ዙሀራ። «አይብና አጓት ሆነ እኮ!»

ከፋለ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለ። ቁስ አካል ሕጉን ሲጠብቅ ባይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ጨው ሥራውን ያውቃል፤ አንዱን ቦታ አስለቅቆ ሌላውን ያስገባል፤ ሳሙናውን ከውሃው ይለያል፤ የሳቀውንም የፈራውንም አይጠይቅም። ከጨው ይልቅ ግን ያስደነቀችው ሴትዮዋ ነበረች። እሱ ስለ ሶዲየም ገጽ በገጽ ያነበበውን እሷ በሦስት ጥያቄ አወጣችው፣ ከዚያም ንብረቷን ደፋችበት።

ነጩን በጨርቅ አጥልለው፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ጠቅጥቀው አስቀመጡት። ዓርብ ማታ ጀላሉ በጥፍሩ ሞክሮት፣ ጥፍሩን ሲያሽ ታየ። ቅዳሜ ጠዋት ቢላዋ ሲቆርጠው ቀጥ ብሎ ተቆረጠ።

«እኔም ልምጣ እትዬ? ለሹሙ ነገሩን አስረዳለሁ።»

«ሹሙ እጁን ይታጠብበት፤ እሱ ይበቃዋል።» ሰፌዱን በሳሙና ሞልታ ተሸከመች። «አንተ በርሜሉን እጠብ። ሳሙና እንደሆነ አለህ።»

ወጣችና በሩን በተረከዟ ዘጋችው።