ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት ጥግ

ትንሿ ሰላም ከጓሮው የድንጋይ ክምር ላይ ወድቃ ግንባሯ ከተሰፋ ከሳምንት በኋላ፣ እናቷ ህሊና ጓሮው ከዳር እስከ ዳር እንዲለወጥ ወሰነች። ሕፃኗ ገና አራት ዓመቷ ነበር። በወደቀች ጊዜ አያቷ አቶ ገብረአብ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከክፍላቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ክምሩ ላይ ስትወጣ አላዩዋትም፤ መውደቋንም ያወቁት በጩኸቷ ነው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ቀኙም እየተከተለው ነበር። ስለዚህ ነገር በቤቱ ውስጥ ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ሽማግሌውም ዝምታውን እንደ ይቅርታ ቆጠሩት።

ቤቱ ደብረ ብርሃን፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ቀድሞ የእሳቸው ነበር። አቶ ገብረአብ አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው፤ ትልቁንም ቤት፣ በጓሮው ጥግ ያለችውንም አንዲት ክፍል በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ፣ ህሊናም ስታገባ፣ ካርታውን በስሟ አዛውረውላት እሳቸው ወደ ጓሮዋ ክፍል ወረዱ። ማንም ይህን አድርጉ አላላቸውም። አባት እንዲህ ያደርጋል ብለው ያደረጉት ነው።

የህሊና ባል አብርሃም የሐዋሳ ልጅ ነው፤ በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል። ሁለቱም ማልደው ወጥተው ሲመሽ ይመለሳሉ። ስለዚህ የሚፈልጉት ጓሮ ሁለት ነገር ማሟላት ነበረበት፤ ልጅ የማይጎዳ፣ እንክብካቤም የማይጠይቅ። ለዚህም የአብርሃምን ጓደኛ ናትናኤልን ጠሩ። ናትናኤል አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የግቢ ንድፍ የሚሠራ፣ ትሑት ወጣት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አራቱም፣ ሰላምን አስከትለው፣ ጓሮው ውስጥ ቆሙ።

«ሴራሚክ አንጥፈንበት እንገላገል» አለ አብርሃም። «በውሃ ለቅለቅ ሲያደርጉት አለቀ።»

አቶ ገብረአብ በአፍንጫቸው ሳቁ። «ኅዳር ላይ በጠዋት ስትወጣ የምታልቀው አንተ ነህ።»

«ለምን አባባ?»

«ውርጭ ሲያርፍበት መስታወት ይሆናላ! እናንተ የሐይቅ ዳር ሰዎች ውርጭን የምታውቁት ከፍሪጅ ውስጥ ነው።»

ናትናኤል ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኔም አባቴ፣ የማውቀው ከዚያው ነው።»

«እንግዲያው ተማር። ወረቀትህን አውጣ።»

ወጣቱ ወረቀቱን አወጣ፤ እሳቸውም አስተማሩት። የሚነጠፈው ድንጋይ ፊቱ ሻካራ ይሁን፤ መሮው ያረፈበት ምልክት ይኑርበት እንጂ አይለዝብ። ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ አለዚያ የክረምቱ ውሃ ከግድግዳው ሥር ይተኛል። ውሃ የሚጠማና አጨዳ የሚፈልግ ሣር ለምን? ከመንዝ ጓሳ ይምጣና በዳር በዳሩ ይተከል፤ ውርጭ አይገድለው፣ ውሃ አይለምን፣ ልጅ ቢወድቅበትም ፍራሽ ነው። ቀጋው እሾህ ነው፣ ይነቀል። ሳማውም እንዲሁ። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ክፍት በርሜል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሕፃን በጭንቅላቱ ገብቶ ድምፅ ሳያሰማ ይቀራል። ናትናኤል ጻፈ፤ እየደጋገመ ጠየቀ፤ ጻፈ። አቶ ገብረአብ እንዲህ ከተጠየቁ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር።

«የልጅቷ መጫወቻ አሸዋስ?» አለ ናትናኤል በመጨረሻ። «እኔ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር አድርጌዋለሁ።»

«እዚያማ እስከ አራት ሰዓት ጥላ ነው። ውርጭ ያደረበት አሸዋ ላይ ልጅ ተቀምጦ ኩላሊቱን ይመታዋል።» በከዘራቸው ወደ ራሳቸው ክፍል ጠቆሙ። «በዚህ ግቢ ፀሐይ ቀድማ የምትደርሰው እዚያ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ግድግዳዬ ላይ ናት። ድንጋዩ ሙቀቱን ይዞ ይውላል፤ ከጣርማ በር የሚመጣው ነፋስ አይደርስበትም። ከወጥ ቤቱ መስኮት ቢያዩትም ፊት ለፊት ነው። እኔ ቦታ ስመርጥ አልተሳሳትኩም!»

ናትናኤል ክፍሏን አየ፤ ከዚያም ህሊናን አየ። ህሊና ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ ማሰር ጀመረች። ጫማው ታስሮ ነበር። ይህን ሽማግሌው አላዩም።

ቀጥሎ የመጣውን ሳምንት ሙሉ አቶ ገብረአብ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። መሮአቸውን አሳሉ፤ ሦስት ዓይነት ድንጋይ ጠርበው ለናሙና ከደጃፋቸው ደረደሩ። ለሰላምም እያንዳንዱን በባዶ እግሯ እያስረገጡ፣ «ያዳልጣል? አያዳልጥም?» ይሏት ነበር። እሷም ሁሉንም «ያዳልጣል!» እያለች ሆን ብላ ትወድቃለች።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሰላምም መዋዕለ ሕፃናት ሄዳለች። አቶ ገብረአብ ውሃ ሊጠጡ ወደ ትልቁ ቤት ሲገቡ፣ ንድፉ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። አጉሊ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጭ አሉ።

ፊደል የለዩት በሃምሳ ዓመታቸው ነው። ያስተማረቻቸውም ህሊና ነበረች፤ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። በዚህችው ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ፣ «አባባ፣ ይቺ እግር አላት፤ ይቺ የላትም» እያለች፣ ሲሳሳቱ በእርሳስ ጣታቸውን እየመታች ነው ያስቆጠረቻቸው። ስለዚህ በንድፉ ጠርዝ በእርሳስ የተጻፈው ጽሕፈት የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ቢሆንም አነበቡት፤ ቃል በቃል፣ መነጽሩን እየገፉ።

ቀጋው ይነሳ። ሳማው ይነሳ። በርሜሉ ይነሳ። የድንጋይ ክምሩ ይነሳ።

ከዚህ ሥር፣ ለብቻው፣ አባባ ይነሱ ይላል።

በመጀመሪያ ፈገግ አሉ። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት በራቸውን እያንኳኳች፣ «አባባ ይነሱ፣ ቁርስ ደርሷል» ነው የምትላቸው። የዓይን ሐኪም ቀጠሯቸው ደርሶ ይሆናል፤ ማልዳ ልትቀሰቅሳቸው ለራሷ ማስታወሻ ጽፋ ይሆናል ብለው አሰቡ። ከዚያ መነጽሩ ከጽሕፈቱ ተነሥቶ በሚሄደው ቀስት ላይ አለፈ። ቀስቱ የሚያመለክተው የእሳቸውን ክፍል ነበር። በክፍሏ ላይ ክብ ተሥሏል፤ በክቡ ውስጥ «አሸዋ» ተብሎ ተጽፏል።

ደግመው አነበቡ። ቃሉ ያው ነው። ለሳማና ለበርሜል ሲሆን ይነሳ፤ ለአባት ሲሆን ይነሱ። ልጃቸው አልደፈረቻቸውም፤ አንዲቱን «ሳ» ወደ «ሱ» ለውጣ አክብራ ጽፋቸዋለች። ውሃውን ሳይጠጡ ወጡ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወረቀቱን ይዘው መጥተው በህሊናና በአብርሃም መካከል አስቀመጡት።

«ይህ ምንድን ነው?»

ህሊና ቀላች። «ረቂቅ ነው አባባ። ገና…»

«ማንበብ እንደምችል ረሳሽ?»

«አልረሳሁም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ዓይንዎ የሚያነብልዎ አልመሰለኝም።»

«መልክሽን ማየት ያቅተኝ ይሆናል፤ ጽሕፈትሽን ግን አልስተውም። ሌላው ሁሉ የሚነሳ የሚጣልበት አለው። እኔ የት ነው የምነሳው?»

«አንኮበር። ዘርትሁን ደስ ይለኛል ብሏል።» ዘርትሁን የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው። «አገርዎ ነው አባባ።»

«አገሬ? በአሥራ አራት ዓመቴ የወጣሁበት አገር! የማውቀው ሰው ሁሉ አፈር ለብሷል። ዘርትሁንንስ ያየሁት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ጊዜ ለቅሶ ላይ ነው።»

አብርሃም ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ለልጆች ደኅንነት ተብሎ ነው። በክፋት አይደለም።»

«ገብቶኛል። እኔ ከየትኛው ነኝ? ከሳማው ነኝ፣ ከበርሜሉ?»

አብርሃም አቀረቀረ። ህሊና ግን ድንገት ከወንበሯ ተነሣች። «ደሟን ያጠብኩት እኔ ነኝ! አምስት እርምጃ ላይ ነበሩ፣ አባባ! እኔ ቢሮ ተቀምጬ ልቤ እዚህ ነው። አያቷ አሉ ስል ነው የምረጋጋው፤ አያቷ ግን አያዩዋትም። ነገ ብትሞትብኝ ማንን ልጠይቅ? እርስዎን? እርስዎን እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቀው?»

ይህ እውነት ነበር። ያን ቀን ሲያዩ ውለው እንዳላዩ፣ ጩኸቷንም ሰምተው ወደየት እንደሚሮጡ እንዳላወቁ፣ ለማንም ሳይናገሩ ሲሸከሙት የሰነበቱት ነገር ነው። አሁን ሌላ ሰው ሲናገረው ሰሙት።

ህሊና ተመልሳ ተቀመጠች። «ከፈለጉ…» አለች፤ «ከፈለጉ እናስቀረዋለን።»

ቃሏን ሽማግሌው በልባቸው አመዛዘኑት። «ይቅር» አላለችም፤ «ከፈለጉ» ነው ያለችው። ከፈለጉ ይቆያሉ፤ ልጅቷ ዳግመኛ ብትወድቅ የፈለጉት እሳቸው ናቸው።

«አልፈልግም» አሉ።

ያን ጊዜ ልጃቸው ትንፋሿን ስትለቅ ሰሙ። ቀስ ብላ ነው የለቀቀችው፣ እንዳይሰማ። ዓይናቸው ይድከም እንጂ ጆሯቸው ደኅና ነበር። ምናልባት ያን ትንፋሽ ባይሰሙት ኖሮ በኋላ የሆነው ሁሉ ይቀልላቸው ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ከዘራቸውን እያነሡ። «ክፍሏን የማፈርሳት እኔ ነኝ። የቀን ሠራተኛ በዲጂኖ አያንገላታትም።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ቆርቆሮውን ሌሎች አወረዱ፤ ድንጋዩን ግን ከላይኛው ረድፍ ጀምረው፣ ጭቃውን በመሮ እየፈለፈሉ፣ አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየደገፉ አወረዱት። ማታ ማታ ሳሎን በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ህሊና ከሥራ ስትመለስ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ልታጥብ ትቀርባለች፤ «ተይው፣ ነገም ይቆሽሻል» ይሏታል።

ናትናኤል በየቀኑ እየመጣ ድንጋይ ያቀብላቸዋል። በሰባተኛው ቀን፣ «አባቴ፣ ያን ዕለት ቦታውን ባይነግሩኝ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«ዋሽቼህ ነበር ማለት ነዋ። ቦታው ልክ ነው። አቀብለኝ።»

«ይኼኛውን ግድግዳ አይነኩትም?»

በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ፣ አልጋቸው የተጠጋበት፣ እንዳለ ቆሞ ነበር። ናትናኤል በንድፉ ላይ አጥፍቶታል።

«ነፋሱ የማይደርስበት ቦታ ነው ስልህ ጻፍክ። ነፋሱ ለምን እንደማይደርስ ግን አልጠየቅከኝም። ነፋሱን ያስቆመው ይህ ነው፤ የጠዋቱንም ሙቀት የሚይዘው ይህ ነው። ይህን ካፈረስክ ጥጉ የማንም ሜዳ ነው።»

ናትናኤል እርሳሱን አውጥቶ፣ በአጠፋው መስመር ላይ አዲስ መስመር አሰመረ። ግድግዳው እንዲቆይ የተሰጠው ፈቃድ ይኸው ነበር፤ ለግድግዳው ማንም ስብሰባ አልተቀመጠም።

ከወረደው ድንጋይ ለአሸዋው ዙሪያ ክፈፍ ሠሩ። ማዕዘኑን ሁሉ አዶለዶሙት። ሲጨርሱ ከዘራቸውን ጥለው ተንበረከኩና፣ በአራት እግራቸው ዙሪያውን እየሄዱ፣ በሕፃን ግንባር ቁመት ያለውን ሁሉ በመዳፋቸው ዳሰሱ። አንድ የበራቸውን መቃን የያዘ ምስማር ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ አገኙ፤ ነቅለው በኪሳቸው አኖሩት። አንድ ሹል ጠርዝም አገኙ፤ ጣታቸውን ቆርጧቸው ነው ያወቁት። መሮ አስመጥተው እስኪለዝብ ድረስ መቱት። ህሊና በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ቆማ ታይ እንደነበር ናትናኤል ነገራቸው። እሳቸው ወደዚያ ሲዞሩ የሚታያቸው ብርሃንና ጭጋግ ብቻ ነበር።

የሚሄዱበት ቀን ሰኞ ሆነ። አብርሃም የአንኮበሩ ሚኒባስ ወደሚነሣበት የሚያደርስ ባጃጅ ጠርቶ ከበሩ ቆሟል። አንዲት ሻንጣና የመሮ ከረጢታቸው ተጭነዋል። ከሁለት ሰዓት በፊት ነበር፤ መንገዱ ገና በውርጭ ነጭ ነው፤ በአሸዋው ላይ ግን ፀሐይ ወርዳለች።

ሰላም ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣ አሸዋ ትቆፍራለች። አቶ ገብረአብ ከክፈፉ ላይ ተቀመጡ።

«ይሞቃል?» አሏት።

«ይሞቃል» አለች ቀና ሳትል። «አባባ፣ እዚያ ጋ አትቀመጥ፣ መንገዴ ነው።»

ተነሥተው ፈቀቅ አሉላት።

«ሰላምዬ!» አለች ህሊና ከመስኮቱ። «ነይ አባባን ተሰናበቺ። ሊሄዱ ነው።»

«ቆይ እማዬ፣ እየሠራሁ ነው!»

«ሰላም! ነይ አልኩሽ!»

«ተያት» አሉ አቶ ገብረአብ ወደ ጭጋጉ። «ለዚህ አይደል የተሠራው?»

ህሊና መልስ ሰጥታ ከሆነ የባጃጁ ሞተር ስለተነሣ አልሰሙትም። በከዘራቸው ድንጋዩን እየፈለጉ፣ በጓሳው ዳር አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ሕፃኗ መንገዷን ጨርሳ ድልድይ ጀምራ ነበር።