ሳይሰጠው ያመሰገነ

«ጋሽ ወዬሳ እንደ ጸለዩ ሞቱ። ምን አገኙ?» አለቻት አየለች ጉዲቱን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከበሩ አጠገብ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሰርኬ ሰማች። የባሏ የወዬሳ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ያልሰማች መስላ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጠች ቀረች። አየለችን አልተቀየመቻትም፤ እሷም ስታስበው የዋለችው ይህንኑ ነበር።

የሐምሌ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ለቀስተኛው ሁለትም ሦስትም እየሆነ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ በላይ ተሰብስቦ የተገኘውን ጣሊያኖቹ «ምን ልትመክሩ ነው?» ብለው ይይዙታል። የመጣው ንፍሮ ቀመስ አድርጎ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ፣ በጓሮ በኩል ይወጣና ቦታውን ለሌላው ይለቃል።

ወዬሳ እንጨት ፈላጭ ነበር፣ ቃል የማያበዛ ሰው። አንድ ልጃቸው ይገዙ ከተማ፣ አናጢ ዘንድ ይሠራ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት፣ ከተማው ሲታረድና ሲቃጠል በሰነበተበት ሳምንት፣ ከሥራ ሲመለስ ጣሊያኖቹ ያዙት። እጁን ታስሮ ካሚዮን ላይ ሲጫን ያየው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወዬሳ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ቆመ። ሰርኬም ከኋላው ቆማለች። «ልጄን ስለ ጠበቅህልኝ አመሰግንሃለሁ» አለ፤ በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። ይገዙ በልጅነቱ ፈንጣጣ በያዘው ጊዜም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ቃል ከአፉ ሲጠፋ፣ ሰርኬ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምነው አትለምነውም? ሰው ያልተሰጠውን እንዴት ያመሰግናል?»

«አንዴ ለምኜዋለሁ፤ ሰምቶኛል» አላት። «በየቀኑ ብለምነው እንዳልሰማኝ መቁጠሬ ነው።»

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አንድም ቀን አላጓደለም። በሩ የተዘጋ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያደርሳል። ሰዉ አእምሮው ተነክቷል አለ። ሰርኬ ከመንፈቅ በኋላ አብራው መሄዱን ተወችው፤ እሱም አልጎተጎታትም። በመጨረሻ ደረቱን ብርድ መታው። ትንፋሽ ሲያጥረው ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው እንዲያስቀምጡት ጠየቀና ያንኑ ምስጋና ደገመ።

«አሜን በይልኝ» አላት።

ሰርኬ ጋቢውን አስተካከለችለት እንጂ አሜን አላለችም። በማግስቱ ዐረፈ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከቀትር በኋላ ማንም የማያውቀው ከሲታ ሰው በር ላይ ቆመ። ቦሩ እባላለሁ፣ የሰበታ ሰው ነኝ አለ። ሱማሌ አገር ካለው እስር ቤት ከተፈታ ሳምንቱ ነው። የይገዙን አባት ቤት እየጠየቀ መጥቶ፣ የገባው ለቅሶ ቤት መሆኑን ያወቀው ደጁ ላይ ነው። ጉዲቱ ቦታ ለቀቀችለት።

ይገዙ በሕይወት አለ አላቸው። መቼ እንደሚፈቱት አያውቅም፤ እሱ ሲወጣ ግን የተሰበረ በር ሲጠግን ትቶት ነው የመጣው። አንዴ ወባ ጥሎት፣ አብረውት የታሰሩት ተስፋ ቆርጠው ጉድጓድ እስከ መቆፈር ደርሰው ነበር።

«ጆሮው ሥር ሆኜ፣ ለቤተሰብህ ምን ልንገርልህ አልኩት። ‹ምንም። አባቴ ይህን ጊዜ ቆሞ እያመሰገነልኝ ነው፤ እነሣለሁ› አለኝ። ተነሣም። እኚህን አባት ልያቸው ብዬ ነበር የመጣሁት።»

አየለች አንገቷን ደፋች። ሰርኬ ከመደቡ ወረደችና ወደ ጓዳ ገባች። ጉዲቱ ልታስቀምጣት ብትነሣም አልሰማቻትም። ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዛ መጣች፤ ቦሩ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

«ይተዉ እናቴ፣ ሐዘንተኛ ነዎት» አላት።

አልተወችም። ብረት የከረመበት ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን ተልጦ ጠቁሯል።

«የይገዙም እግር እንዲህ ነው?»

«እንዲሁ ነው፣ እናቴ።»

ውሃውን በእፍኟ እየጨለፈች፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ አድርጋ ቁስሉ ላይ ታፈስለት ጀመር።