በመስኮት በኩል ያለው አልጋ

የሥራ ፈቃዱ በተሳሳተ ሰው ስም መጣ። መሄድ የነበረባት ታናሿ እህት ናት፤ ደብዳቤው የጠራው ግን ታላቋን ነው። ስህተቱን የሠራችውም ታላቋ ራሷ ነበረች።

ታናሿ ይህን ለመናገር እስከ ላውንደሪው በእግሯ መጣች። ታላቋ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያው እንፋሎቱን በተፋ ቁጥር ፊቷን ዘወር ታደርጋለች። ታናሿ ሰላም እንኳ ሳትል ስልኳን ገና ባልተተኮሰው እጅጌ ላይ አስቀመጠችው።

"አንብቢው።"

"እጄ ሥራ ላይ ነው፤ አንቺ አንብቢልኝ።"

"አይ፣ አንቺው አንብቢው፣ እትዬ። ለአንቺ ነው የተጻፈው።"

ታላቋ ካውያውን አቁማ አነበበች። ስሟ ከነአባቷ፣ የትውልድ ዘመኗ፣ ከሥሩ የድሮ የሠራተኛ ቁጥሯ። ለወይን ለቀማው ወቅት ተቀብለዋታል። ዛሬ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት እንደምትመጣ ካላረጋገጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የቀረው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሁለቱም ቢሄዱስ እንዳይባል፣ ቤት ውስጥ ዓይኑ የደከመ አባት አለ። አንዷ መቅረት አለባት። የምትቀረው ማን እንደሆነች ከዓመት በፊት ተነጋግረው ጨርሰውት ነበር።

ታላቋን ቤተሰቡ "መንገደኛዋ" ይላታል። በሃያ ሦስት ዓመቷ የጀርባ ቦርሳ አዝላ ወጥታ ስድስት ዓመት አልተመለሰችም። አራት አገር ኖራለች። ወይን ቆርጣለች፣ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ አንጥፋለች፣ ሰሐን አጥባለች፣ አንድ ክረምት ሙሉ ዓሣ ማሸጊያ ውስጥ በውሃ ጫማ ቆማለች። እናቷ ስትሞት ለሁለት ሳምንት ብላ መጣች። ሁለቱ ሳምንት ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ያን ጊዜ ታናሿ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃያ አራት ሞልቷት፣ ዲግሪ ይዛ፣ አሁንም ጩጬ ነው የምትባለው። ባለፈው ዓመት እኔም እሄዳለሁ ስትል ታላቋ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ በማግሥቱ ማስተማር ጀመረች። አዲስ ጫማ ተጫምተሽ እንዳትነሺ፤ አንድ ወር ቀድመሽ እዚሁ አሠቃይው። ልብስ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል። ቦርሳውን ሞልተሽ ስትጨርሺ ሲሦውን መልሰሽ አውጪ። ፓስፖርትሽን "እኔ ላስቀምጥልሽ" ለሚል አሠሪ እንዳትሰጪ፤ ደግ ቢሆንም፣ በተለይ ደግ ከሆነ። ከመፈረምሽ በፊት ክፍያው በሰዓት ነው በሣጥን ብለሽ ጠይቂ። የመመለሻ ትኬትሽን ዋጋ ብትራቢም አትንኪው። አዲስ ቦታ ስትደርሺ ከአለቃው በፊት ወጥ ቤት ያለችውን ሴት ተዋወቂ። ጩጬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ማስታወሻ ይዛ ሰማች። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር።

ቅጹንም የሞላችው ታላቋ ናት። ጩጬ የዚያን አገር ቋንቋ ዓመት ሙሉ ተምራለች፤ ታላቋ ግን አንዲት ቃል ብትሳሳቺ ይጥሉሻል ብላ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። እርሻው አንድ ልማድ አለው። አንድ ወቅት የጨረሰ ሠራተኛ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ባለቁጥር ከሁሉ በፊት ይጠራል። አዲስ ሰው የሚገባው ባለቁጥር ሲያስተዋውቀው ነው። ቅጹ ላይ ለአመልካቹ ቁጥር አንድ ክፍት ቦታ፣ ለአስተዋዋቂው ቁጥር ሌላ ክፍት ቦታ አለ። ታላቋ ቁጥሯን የጻፈችው በመጀመሪያው ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሲያይ የጩጬን ስም ጥሎ በመዝገቡ የሚያውቀውን ስም አመጣ።

"ረስተሽ ነው ወይስ አስበሽበት?" አለች ጩጬ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ ብለሽኛል።"

"አንብቤዋለሁ።"

"ታዲያ ዓይንሽ የት ሄዶ ነበር? ካማረሽ በግልጽ ሂጂ። እኔ ዓመት ሙሉ ካልሲ መጠቅለል ስለማመድ አንቺ ለራስሽ ነበር እንዴ የምታመለክቺው?"

የላውንደሪው ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ ሳል ሳል አሉና ደንበኛው ሱሪውን ሊወስድ እንጂ ቲያትር ሊያይ እንዳልመጣ ተናገሩ። ደንበኛው የሚቸኩል አይመስልም ነበር። ጩጬ ስልኳን አንስታ የታጠፉ አንሶላዎች አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወደ ቤት እንደማትሄድ ከአቀማመጧ ያስታውቃል።

ታላቋ ሌላ ሸሚዝ ዘረጋች። ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል፤ ደክሟት ነበር። ይህን ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው። አልዋጥ ሲላት የራሷን ስልክ አወጣችና የቅጹን ግልባጭ ከፍታ ከላይ ጀምሮ አነበበችው።

በቀን ስንት ሣጥን ትቆርጫለሽ? ስድሳ።

የጀርባ ሕመም አለብሽ? አልፎ አልፎ፣ ዝናብ ሲሆን።

የምትመርጪው መኝታ? በታችኛው ቤት፣ በመስኮት በኩል ያለው አልጋ።

ለምን እዚህ መሥራት ፈለግሽ? ጠዋቱን ስለምወደው።

ጩጬ በሕይወቷ ጀርባዋን አሟት አያውቅም። ወይን የምታውቀው በሰሐን ነው። የቁጥሩን ስህተት ድካም ላይ ማላከክ ይቻላል። ይሄኛውን ግን አይቻልም፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስትሞላ የነበረው የራሷን ቅጽ ነው።

ካውያው ከእጇ ሥር ጢስ ማለት ሲጀምር አነሳችው። ሸሚዙ ተርፏል።

ያ አልጋ ሦስት ወቅት የእሷ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ፣ አልጋው ብረት፣ ፍራሹ መሐሉ የጎደጎደ። ገና ሳይነጋ የትራክተሩ መብራት በመስኮቱ ገብቶ ጣሪያው ላይ ይሄዳል፤ ሰዓት መሙላት አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ጤዛ። ጓንቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይረጥባል፣ መቀሱ ይቀዘቅዛል፣ ከወይኑ ረድፍ ወዲያ ማዶ ያለ የማታውቀው ሰው በማታውቀው ቋንቋ ያንጎራጉራል። ማንም አባቷ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደምታገባ፣ ዲግሪዋን ምን እንዳደረገችው አይጠይቃትም። ስንት ሣጥን ብቻ ነው የሚጠይቋት። ስድሳ ስትል ይበቃል። እሑድ ከእርሻው ወጥ ቤት ሰሐን አጣቢ ጋር በአውቶቡስ እስከ ባሕሩ ይሄዱ ነበር። ለጩጬ የሰጠቻት ምክር በሙሉ የተቀዳው ከእሷ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሁለት ጥርስ የጎደላት፣ ሰባት አገር በአንድ ቦርሳ የዞረች ሴት ነበረች። የጫማውን ነገር ብቻ ማንም አልነገራትም። እሱን የተማረችው በራሷ ተረከዝ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ነጠላ ጫማ አድርጋ እያነከሰች ቆርጣለች። አሁን ስታስበው ደግሞ፣ ከሁሉም የሚናፍቃት ያ ሳምንት ነው።

ለምሳ ሲዘጉ ጩጬን በጣቷ ጠራቻት። አንሶላ ወደሚሰጣበት ጓሮ ወጡ። ታላቋ ቅጹን ሰጠቻት። ጩጬ ቆማ አነበበች፤ የጀርባ ሕመሙ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ይሄ እኔ አይደለሁም።"

"አይደለሽም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አስቤበት አይደለም። ግን ረስቼም አይደለም።"

ጩጬ ልትቆጣ ተዘጋጅታ ነበር፤ ያሰበችው ንግግር ከዚህ ጋር አልገጠመላትም። ወደ እርሻው ደውዪ አለቻት በመጨረሻ።

ካቦዋ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። የለቃሚዎቹ አለቃ ናት፤ በታላቋ ጊዜ ወጣት ነበረች፣ አሁን ድምፅዋ ሻክሯል። ታላቋ በዚያ አገር ቋንቋ የመጀመሪያዎቹን ቃላት እየተደናቀፈች አወጣቻቸው፤ ከዚያ ምላሷ ራሱ አስታወሰ። ካቦዋ የመስኮቱን ነገር ስታነብ ስሙን ሳታይ ማን እንደሆነች ማወቋን እየሳቀች ነገረቻት። መስኮቱ አሁን አይከፈትም፤ ማቀዝቀዣ ገብቶበታል። ሰሐን አጣቢዋ ሞታለች፤ አራት ዓመቷ። ትራክተሩ ተሽጧል።

"ግን ነይ" አለች ካቦዋ። "መቁረጡን ለልጆቹ ተይላቸው። ፍሬው የሚለይበትን ክፍል እሰጥሻለሁ፤ ጥላ ነው፣ ወንበር አለው። ከአንቺ የተሻለ ሰው አላገኝም።"

የታላቋ ልብ እሺ ብሎ ቀደማት። አፏ ብቻ ነው የዘገየው። ጩጬ ከእርጥቡ አንሶላ አጠገብ ቆማ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ከፊቷ ታነባለች፤ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታለች። መለመን ከዓመት ምክር ውስጥ አልነበረም።

ታላቋ ቦታውን ለሌላ ሰው ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል፣ እስከ አሥር ሰዓት። ግን ቦታው የሚዛወረው ከነቁጥሩ ነው፤ የእሷ መዝገብ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብትመጣ እንደ አዲስ ናት፤ አዲስ ሰው ደግሞ ከሠላሳ አምስት በላይ አይቀበሉም። ካቦዋ ይህን የአየር ሁኔታ እንደምታወራ አድርጋ ተናገረች።

"ለማን ነው?"

"ለእህቴ።"

"በቀን ስንት ትቆርጣለች?"

ታላቋ መልሱን ታውቀዋለች። አርባ ይባላል። ከአርባ በታች ያሉትን ይጥላሉ፣ ከሃምሳ በላይ ያሉት በሁለተኛው ቀን ያፍራሉ። አፏን ከፈተች። ከዚያ ስልኩን ለጩጬ ዘረጋችላት።

"አንቺን ነው የጠየቀችው።"

ጩጬ ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር ተቀበለች። ሰላምታዋ ላይ አንድ ቃል ተሳሳተች፤ ታላቋ እንዳታርማት የአንሶላውን ጫፍ ጨብጣ ያዘች።

"አላውቅም" አለች ጩጬ፣ እየተንተባተበች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። "ወይን ቆርጬ አላውቅም። መጥቼ ስሞክር እነግርሻለሁ።"

ቀጥሎ ካቦዋ አንድ ነገር ጠየቀቻትና ጩጬ የለም የለም እያለች መለሰች፤ ከዚያ ስልኩን መለሰችላት።

"እህትሽ ሰው አታታልልም" አለች ካቦዋ። "አንቺ ሃምሳ ብለሽኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ነው ያመጣሽው። ታዲያ፣ ቁጥርሽን ልዝጋው?"

ታላቋ የጓሮውን ግንብ አየች። ከግንቡ ወዲያ ሌላ ጓሮ፣ ሌላ የተሰጣ ልብስ አለ።

"ዝጊው።"

ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ሸሚዝ ተኮሰች። የላውንደሪው ባለቤት ምን እንደተወሰነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት መተኮሻው ጋ መጡ፤ በሦስተኛው ታናሿ ናት የምትሄደው አለቻቸው። እፎይ አሉና ወዲያው አፈሩ፤ ለልጅቷ ማለቴ ነው፣ እንኳን ደስ አላት አሉ።

ቤት ስትገባ አባታቸው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የትኛችሁ ናት የምትሄደው ሲል ጠየቃት። ጩጬ አለችው። ይሁን አለና የዓይን ጠብታው ሰዓት እንዳያልፍ አሳሰበ። ሁለት ሁለት ጠብታ ጨመረችለት። ዓይኑን እንደጨፈነ እጇን ፈልጎ ያዘ፤ እሷም ጠብታው እስኪሰርግ ቆመች።

ጩጬ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ናት። በረራው የዛሬ አምስት ቀን ቢሆንም ልብሷን በሙሉ አልጋው ላይ ዘርግታ ቦርሳውን ከፍታዋለች። ታላቋ ለመርዳት እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ልጅቷ ግን እየጠቀለለች አይደለም፤ እያጠፈች ነው፣ ልክ ሱቅ ውስጥ እንደሚታጠፍ። ታላቋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከአየር ማረፊያ ወደ እርሻው ስለሚወስደው አውቶቡስ ትንሽ አወሩ፤ ጩጬ ካቦዋ ምን ዓይነት ሴት ናት አለች፤ ስትደርሺ ታያታለሽ አለች ታላቋ፣ በራሷ መልስ እየገረማት።

ከዚያ ጩጬ ጎንበስ ብላ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ሳበች። ታኮ ጫማ ነው፣ ቀይ፣ ለምረቃዋ የገዛችው። በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳው መሐል፣ ከሹራቡ በላይ አስቀመጠችው። ተረከዙ በጨርቁ በኩል ወደ ውጭ ገፍቶ ወጣ። ስታዝለው በትክክል ወገቧ ላይ ይወጋታል፤ አውቶቡሱ ሳይደርስ ገና ታለቅሳለች።

"ምን?" አለች ጩጬ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ዓይኗን አንስታ።

ታላቋ ከአልጋው ተነሣች።

"ምንም" አለች፤ ወጥታም በሩን ዘጋችው።