ዝም ያለው ጋን

እትዬ ዝናሽ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ለጥፈው ሲያዳምጡ ይህ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ድፍድፍ በተደፈደፈ ማግስት ማጉረምረም አለበት፤ የሳቸው ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይንጫጫ ነበር። አሁን ግን ጭጭ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር አራት ቀን ቀርቶታል፤ ተራው የሳቸው ነው።

«ዓይን ነው» አሉ። «አልማዝ ናት። ሐሙስ ዕለት ገብታ ጋኑን ትክ ብላ ስታየው ነበር።»

ወይዘሮ አልማዝ ጎረቤታቸው ናቸው። በደብረ ታቦር በዚያ ሰፈር በጠላ የሚፎካከሩት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ፉክክሩ ሃያ ዓመት አልፎታል።

የወንድማቸው ልጅ የምስራች ጥጉ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ከዱባይ ከተመለሰች ስድስት ወሯ ነው።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት አይቆጡም?»

«የምቆጣ ከሆነ ከወዲሁ ልቆጣ። ተናገሪ!»

«ጋኑን በግራዋ አላጠብኩትም። በወይራም አላጠንኩትም።» ከኋላዋ አንድ ብልቃጥ አወጣች። «በዚህ ረጨሁት። የማዳሜን ማቀዝቀዣ በዚህ ነበር የማጸዳው፤ ሽታው ድራሹ ይጠፋል።»

ጓሮ ክፍሉን የተከራየው የባዮሎጂ መምህር ደረጄ ተጠራ። ብልቃጡን አነበበና የሚያስረዳው ነገር እንዳገኘ አስተማሪ ደስ አለው።

«ናኖ ሲልቨር! የአንገት መስቀል የሚሠራበት ብር አለ አይደል? እሱን ያንቱ አንድ ጠጉር ከጎኑ የባሕር ዛፍ ግንድ እስኪመስል ድረስ ያደቁታል። ያን ጊዜ ጀርም ላይ ጨካኝ ይሆናል።»

«ታዲያ የኔ ድፍድፍ ምን በደለ?»

«ጠላን የሚያፈላውም በዓይን የማይታይ ነፍስ ነው እትዬ። ብናኙ መታወቂያ አይጠይቅም።»

እትዬ ዝናሽ አልማዝን በዓይን ከሰሱ እንጂ አልረገሙም ነበር፤ ለዚያ ፈጣሪን አመሰገኑ። «በይ የምስራች፣ ድፍድፉን ጓሮ ካለው ጌሾ ሥር ድፊው።»

«ኧረ አይሆንም!» አለ ደረጄ። «አፈሩም የሚኖረው በነዚያው ነፍሳት ነው። ብናኙ ደግሞ አይበሰብስም።»

«ወንዙ ውስጥስ?»

«ወንዙ ርብ ይገባል፣ ርብ ጣና። ዓሣ አለ፣ የፎገራ ሩዝ አለ።»

«ኅዳር ሲታጠን ከቆሻሻው ጋር ይቃጠላ!»

«ብር ይቃጠላል እንዴ?»

«ታዲያ የት ነው የሚደፋው?»

ደረጄ ብልቃጡን አገላብጦ አየ። «አንድ ጋን ጣናን ላይጎዳ ይችላል። ብልቃጡ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ አይደለም። ሁሉም ሲደፋው ምን እንደሚሆን ገና በደንብ አልታወቀም።»

«ሳይታወቅ ነው የተሸጠው?»

«ሳይታወቅ ነው የተሸጠው።»

የጋኑን አፍ በጭቃ መርገው ጣራው ጠርዝ ሥር አስቀመጡት። አሁን የቀረው ከባዱ መንገድ ነው፦ ሃያ እርምጃ፣ እስከ ወይዘሮ አልማዝ ደጅ። እትዬ ዝናሽ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

«አልማዝ፣ ድፍድፌ ሞተ።»

«የማን? የዝናሽ?»

«የኔዋ ጀርም ልግደል ብላ ጠላ ገደለችልኝ።»

ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ወደ ጓዳ ገብተው ጋናቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ለጤፍ አጨዳው ደቦ የጠመቅሁት ነው። ደቦው የዛሬ ሳምንት ነው፤ ሌላ ጠምቄ እደርስበታለሁ። ውሰጂ። ግን ማኅበርተኛው ሲጠጣ የአልማዝ ነው ትያለሽ። ጮክ ብለሽ።»

«ጮክ ብዬ?»

«አቶ ዘውዱ እስኪሰሙ።» አቶ ዘውዱ የማኅበሩ ሽማግሌ ሲሆኑ ጆሯቸው ከባድ ነው።

ለሚካኤል ቤቱ ሞላ። የምስራች እጇ አረንጓዴ እስኪሆን ዕቃውን ሁሉ በግራዋ ፈትጋ ነበር። እትዬ ዝናሽ መሀል ቤት ቆመው፣ «ጠላው የአልማዝ ነው!» ብለው ጮኹ። አንዴ አልበቃም፤ ለአቶ ዘውዱ ሦስት ጊዜ ደገሙት። የሚገርመው፣ በሦስተኛው እትዬ ዝናሽ ራሳቸውም ሳቁ። ወይዘሮ አልማዝ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው።

አቶ ዘውዱ አራተኛውን ብርጭቆ ጨልጠው በበሩ ወደ ውጭ አዩ።

«ያ የተመረገውስ ጋን? ለማን ነው የተደበቀው?»

«የሚደፋበት አገር እስኪገኝለት ነው» አሉ እትዬ ዝናሽ።

«እሱስ የማን ነው?»

ወይዘሮ አልማዝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እሱ የኔ አይደለም!» አሉ፣ ጮክ ብለው።